ቤት ማከራየት ሥራ ነው፤ ሥራም ሒሳብ ይፈልጋል

(ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ፀሐፊ የተደረገ ንግግር ነው። በልቅሶ፣ በገበያና በሥራ ምክንያት ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ጎረቤቱ ያንብብለት።)

የተከበራችሁ የመንደራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

ዛሬ በአጀንዳ ተይዞ የቀረበው ጉዳይ የኪራይ ቤት ጉዳይ ነው። ነገሩ ሁላችንንም ስለሚነካ ጥቂት ጊዜ ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንጠይቃለን። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን፣ አዋጁንም ከተማሩ ልጆቻችን ጋር ተቀምጠን አንድ በአንድ አስነብበን ያገኘነውን ነው የምናቀርበው።

እንደሚታወቀው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም ላይ ከሆነ ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል። ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንት ለሥራም ለትምህርትም የሚመጣ አለ። ከገጠር ቀበሌዎች ልጆቻቸውን ስንቅ አስይዘው ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆችም ክፍል ይፈልጋሉ። በመሆኑም ጓሮው ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው ሁሉ ክፍል መደርደር ጀመረ። ቀድሞ ጎመንና ድንች ይተከልበት የነበረው ጓሮ ዛሬ አራትና አምስት በር ቆሞበታል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ቤት ለሌለው መጠለያ፣ ቤት ላለው ገቢ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ አራምዶ ያያል፣ ባለቤቱንም ይጠይቃል። ኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ግን «ተከራይ እንደሁ አይጠፋም!» ብሎ ቆርቆሮ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ አንድ በአንድ የሚመጣው።

ይህ ለምን ሆነ ብለን ስናስብ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በላይ እንዳይኖረው ሆነ። የቀበሌ ቤት የምንለው የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ አባቶቻችን አከራይ ሆነው አላደጉም። እርሻን ከአባት፣ ንግድን ከጎረቤት ተምረናል፤ ማከራየትን ግን የሚያስተምረን አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ካለ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት የራሱ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ቤታችን የራሳችን ነው። የራስ የሆነ ነገር ደግሞ ትርፉም ኪሣራውም የራስ ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለማንሳት ያስገደደን ግን ታሪክ አይደለም። ያስገደደን የማኅበራችን የራሱ ቤት ነው።

የማኅበራችን ቤት ቃጠሎ

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት ባለፈው ጥር በአንድ ሌሊት ከማኅበራችን አምስት የኪራይ ክፍሎች ሦስቱ ተቃጠሉ። የሰው ነፍስ አልጠፋም፤ ፈጣሪ ይመስገን። አንዲት ልብስ ሰፊ ተከራያችን የስፌት መኪናዋ ከነጨርቁ ነደደ። ሁለት ተማሪዎች ደብተራቸውንና ከአገር ቤት የመጣላቸውን ስንቅ አጡ። ጎረቤቱ ሁሉ በእንስራም በባልዲም ውኃ ይዞ ወጣ፤ ግድግዳው የባሕር ዛፍና የጭቃ ስለሆነ እሳቱ ጣሪያው ጋ እስኪደርስ ጊዜ አልፈጀም።

በማግሥቱ ጠዋት ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዳንዱ «ልብስ ሰፊዋ ካውያ ረስታ ነው» አለ። እሷ ደግሞ «ገመዱ ከድሮም ይተኩስ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ» አለች። ማነው እውነተኛው? ውል ብናወጣ ውል የለም። የተናገረችበት ወረቀት የለም። ማን ምን ሊጠግን እንደተስማማ የተጻፈ ነገር የለም። በአንድ ቆጣሪ ለአምስት በር ገመድ የዘረጋነው እኛው ነን። ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ተቀምጠው ገመዱን አዩ፤ ያረጀና የተቀጣጠለ መሆኑን አረጋገጡ። ጥፋቱ የተከራይዋ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ይህን በግልጽ መናገር ይገባናል። የሁለት ወር ኪራይ ማርናት፤ የስፌት መኪናዋን ግን አልተካንላትም፤ አቅም የለንምና።

ቤቱስ በምን ተሠራ? ይኸው ነው ትልቁ ነገር። ቤቱ መድን አልነበረውም። ለጥገና ብለን ያስቀመጥነው ገንዘብም አልነበረም፤ ኪራዩን በየዓመቱ ለአባላት ስናከፋፍል ኖረናል። ስለዚህ ከቅሬው የቀብር ሣጥን አወጣን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለት ቤተሰብ ሐዘን ላይ ሲወድቅ በደንባችን የተጻፈውን ያህል መስጠት ሳንችል ቀረን። እናቶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የጎደለውን ሲሰሙ አይተናል። የሞተን ሰው ገንዘብ ለቆርቆሮ ከፈልን ማለት ነው። ይህ ዳግመኛ እንዳይሆን ነው ዛሬ የምንነጋገረው።

ስለ ገንዘቡ

አንደኛው ነገር ቤቱ የሚሠራበት ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በመንደራችን ሦስት መንገድ አለ፦ የራስ ቁጠባ፣ ዕቁብና ብድር። ብድሩ ከባንክ ሊሆን ይችላል፤ አብቁተ እንለው የነበረውም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል።

ስማቸውን የማንጠራቸው አንዲት እናት በ2011 ዓ.ም. የሚኖሩበትን ቤት መያዣ አድርገው ተበደሩና አራት ክፍል ሠሩ። በጥቂት ወር ውስጥ ሁሉም ክፍል ሰው ገባበት። ኪራዩ ከወር ክፍያው ጥቂት ይበልጥ ስለነበር ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪው ሁሉ አገሩ ገባ። አራቱም በር ተቆለፈ። ብድሩ ግን አልተቆለፈም። ወለዱ ቀን ከሌሊት ይሠራል፤ ክረምትም በዓልም አያውቅም። ጥቂት ወራት ካለፈ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣላቸው። ልጆቻቸውና ጎረቤት ተረባርቦ፣ አንዲት ላምም ተሸጣ፣ አበዳሪውም የመክፈያ ጊዜውን አራዝሞላቸው ቤቱ ተረፈ። የሚገርመው ነገር ሊወሰድ የነበረው አዲሶቹ ክፍሎች ብቻ አልነበሩም፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤትም ጭምር ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ይኸው አይደል?

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጥ እንዲችል ይፈቅዳል። ብዙዎቻችን «ፍርድ ቤት ሳይቆም ቤቴ አይሸጥም» ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። ደብዳቤ ሲመጣ መሶብ ሥር መደበቅ ሳይሆን በዚያኑ ቀን ይዞ ወደ ባንኩ መሄድና የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ነው። ቀድሞ የተናገረ ሰው ይደመጣል፤ የጠፋ ሰው ግን ይፈራል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ያስገባበት።

አንድ ሰው 300,000 ብር ተበድሮ አምስት ክፍል ሠራ እንበል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ መክፈያው 5 ዓመት ቢሆን በየወሩ የሚከፍለው ወደ 7,300 ብር ነው። አንዱን ክፍል በ1,500 ብር ቢያከራይ አምስቱ በወር 7,500 ብር ያስገባሉ። «እንዴ! ቤቱ ራሱን ይከፍላል!» ይላል። ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። እኛ ግን እንቀጥል።

ተማሪ በክረምት ይሄዳል። ሠራተኛም ይዛወራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው እስኪገባ ጊዜ ያልፋል። በዓመት ሦስት ወር ባዶ ቢሆን የሚከራየው ዘጠኝ ወር ነው። ዘጠኝ ጊዜ 7,500 ማለት 67,500 ብር ነው። ለብድሩ ግን በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ 7,300፣ ማለትም 87,600 ብር ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ምስማር ሳይገዛ፣ ግብር ሳይከፈል፣ በየዓመቱ 20,100 ብር ከኪሱ ይጨምራል ማለት ነው። በአምስት ዓመት የሚመልሰው ደግሞ 438,000 ብር ያህል ነው።

ያው ሰው የራሱን ገንዘብ ግማሹን ይዞ 150,000 ብር ብቻ ቢበደርስ? የወሩ ክፍያ ወደ 3,650፣ የዓመቱ 43,800 ብር ይሆናል። ከ67,500 ላይ ይህ ሲነሳ 23,700 ብር ይተርፋል። ለጣሪያ፣ ለልስን፣ ለግብርና ለመድን የሚሆን አለው። ቤቱም ተከራዩም ያው ነው፤ የተለየው የብድሩ መጠን ነው።

እንግዲህ የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ከመበደር በፊት ባዶውን ወር እንቁጠር። በዘጠኝ ወር ኪራይ የአሥራ ሁለት ወር ዕዳ መክፈል የማይችል ቤት አልተጠናም ማለት ነው። ሁለት ክፍል ሠርቶ፣ በሁለቱ ኪራይ ሦስተኛውን መጀመር ይቻላል። ዕቁብም ጥሩ ነው፤ ወለድ የለውም። ነገር ግን ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ባለዕዳ መሆኑን አይርሳ፤ ዕቁብተኛው በየሳምንቱ ይጠብቀዋል።

በመንደራችን በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ የማይነኩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ለእነሱም በር አለ። ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት በአያሌ ባንኮች መስኮት ይሰጣል፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ከአሠራሮቹ አንዱ ሙራባሃ የሚባለው ነው። ባንኩ ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ይህም ቢሆን ቀኑ ሲደርስ መከፈል ያለበት ነው። ስለዚህ ባዶውን ወር የመቁጠሩ ነገር ለእነሱም ያው ነው።

ስለ መድን

ሁለተኛው ነገር መድን ነው። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን «መድን መግባት ክፉን መጥራት ነው፤ ቅሬ እያለን መድን ምን ያደርግልናል?» ብለው ነበር። ሐሳባቸውን እናከብራለን። ግን ቅሬስ ምንድን ነው? ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ክፉ የደረሰበት ሰው ከተዋጣው ይነሣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። መድንም ያው ነው። ልዩነቱ ቅሬያችን የአንድ መንደር ሰው ነው፤ እሳት ሰፈሩን ሁሉ ቢመታ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ላይ ይወድቃል። መድን ድርጅት ግን ከደሴም ከአዋሳም ከድሬዳዋም ከሚሰበስበው አረቦን ይከፍላል። የዓለሙም ታሪክ እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 የለንደን ከተማ ተቃጥሎ 13,000 የሚያህል ቤት ከጠፋ በኋላ ነው እንግሊዞች የቤት እሳት መድን ያቋቋሙት። እነሱም እንደ እኛ የተማሩት ከቃጠሎ በኋላ ነው።

በአገራችን የመድን ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። የግል የነበሩት ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ ለግል ኩባንያዎች በሩን ከፈተ። ዛሬ መርጦ መጠየቅ ይቻላል። ተካፉል የሚባለው ከወለድ ነፃ የሆነ መድንም በአገራችን ተፈቅዷል።

መድን ስንገባ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ውሉ የሚሸፍነውን ማንበብ። የእሳት መድን በመሠረቱ እሳትንና መብረቅን ይይዛል። ደጋ አገር ለሆንነው መብረቁ ቀላል ነገር አይደለም። ጎርፍ፣ ማዕበልና ነውጥ የመሳሰሉት ግን ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ጦርነት በተለመደው ውል አይካተትም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ እንደደረሰ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ «መድን ስላለኝ ሁሉ ነገር ይከፈለኛል» ብሎ መተኛት ስሕተት ነው።

2ኛ፤ ዋጋውን በትክክል መናገር። አረቦን እንዲቀንስልን ብለን ቤቱን አሳንሰን ብንናገር ራሳችንን ነው የምንጎዳው። ለምሳሌ እንደገና ለመሥራት 800,000 ብር የሚፈጅ ቤት በ400,000 ብር ብቻ መድን ቢገባ ግማሹ ነው የተሸፈነው። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው ግማሹ፣ 100,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ይቀነሳል። የሚገመተው ደግሞ ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ነው እንጂ የቦታው ዋጋ አይደለም፤ ቦታ አይቃጠልምና። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ስለሚጨምር ግምቱን በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ እውነቱን መናገር። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው ማለት፤ አንዱ ክፍል ቤንዚን የሚቸረቸርበት ወይም ምግብ የሚበሰልበት ከሆነ ማስታወቅ። ክፍሎቹ ለብዙ ጊዜ ባዶ የሚሆኑ ከሆነም ማሳወቅ። የተደበቀ ነገር ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ይወጣል።

4ኛ፤ የባለቤቱ መድን የተከራይን ዕቃ አይሸፍንም። የልብስ ሰፊዋን መኪና ያስታውሷል። ተከራይ ይህን ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። ኪራይ ለሚቋረጥበት ጊዜ መካሻ ከተፈለገም ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

5ኛ፤ ቤቱ በባንክ ተይዞ ከሆነ ካሳው በቅድሚያ ለባንኩ ይሄዳል። ስለዚህ ለባንኩ ብሎ መድን የገባ ሰው፣ ባንኩ ከወሰደው በኋላ ለራሱ የሚተርፍ መኖሩን ይመርምር።

6ኛ፤ አደጋ ሲደርስ በዚያኑ ቀን ለፖሊስና ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ፣ ገማች ሳያየው ፍርስራሹን አለማንሳት።

ስለ አስተዳደሩ

ሦስተኛው ነገር አስተዳደር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ግን ቁልፍ ሰጥተን፣ ብር ተቀብለን፣ ወረቀት ሳንይዝ ኖረናል።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። ዋና ዋና ነገሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ዘመኑ በመሠረቱ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈል። ማናችንም ውል ከመፈራረማችን በፊት ማዘጋጃ ቤቱን እንጠይቅ። ግዴታ ሆነም አልሆነ ግን ይህ ሥርዓት ለአከራይም ለተከራይም ይጠቅማል። በባንክ የገባ ኪራይ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» አያሰኝም።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ? የኪራዩ ልክና የመክፈያው ቀን፤ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፤ በገቡበት ቀን ቆጣሪው ያለበት ቁጥር፤ በክፍሉ የሚኖረው ሰው ብዛት፤ የበሩ፣ የመስኮቱና የቁልፉ ሁኔታ፤ ጣሪያ፣ ምሰሶ፣ ግድግዳና የመብራት ገመድ የባለቤቱ፣ ትናንሽ ብልሽት የተከራዩ መሆኑ፤ ለመልቀቅም ሆነ ለማስለቀቅ ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚነገር። ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ ለተከራዩ ይሰጥ። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት።

ከዚህም በላይ ተከራይ ሰው ነው። የመጣው ልጅ ምናልባት ከወግዲ ወይም ከከላላ እናቱን ተሰናብቶ የመጣ ነው። ሽንት ቤት ሞልቶ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ «ኪራይ ጨምር» ማለት ነውር ነው። በፈተና ሰሞን ዕቃ ማውጣትም ነውር ነው። ክፍሉ የተከራዩ ነውና ባለቤት ነኝ ብሎ ሳያንኳኳ መግባት አይገባም። ተከራዮችም ብትሆኑ የሰውን ቤት እንደራሳችሁ ያዙ፤ ሁላችሁንም አደራ የምንለው ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ አይታይም፤ ተኝቶ ሳለ ይገድላል። በአንድ ገመድ ላይ ምጣድና ምድጃ አትደራርቡ።

በደህና የተያዘ ተከራይ አይሄድም፤ ዘመዱንም ጓደኛውንም ያመጣል። ባዶው ወር የሚያጥረው በዚህ ነው። ሒሳቡና ሰብዓዊነቱ የተጣሉ ነገሮች አይደሉም።

በመጨረሻም ግብር አለ። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰንጠረዥ «ለ» የሚታይ ነው፤ አዋጁም በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ልኩን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። የጥገና፣ የመድንና የወለድ ደረሰኝ ግን አንድም ሳይጣል በአንድ ፌስታል ይቀመጥ። ዛሬ የጣልነው ወረቀት ነገ የምንከፍለው ገንዘብ ነው።

ለድምፅ የቀረቡ ሐሳቦች

እንግዲህ ስለ ማኅበራችን አምስት ክፍሎች የሥራ አመራሩ የሚከተለውን አቅርቧል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።

አንደኛ፤ ለሁሉም ተከራዮች የጽሑፍ ውል ይዘጋጅ፤ ኪራይ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ። ፀሐፊውም ሆነ ገንዘብ ያዡ በእጁ አይቀበል።

ሁለተኛ፤ የመብራቱ ገመድ በባለሙያ እንደገና ይዘርጋ። ይህ ከሁሉ በፊት የሚሠራ ነው።

ሦስተኛ፤ ቤቱ በሙሉ ዋጋው ተገምቶ የእሳት መድን ይገባ። ከሁለት ድርጅት ዋጋ ይጠየቅና ለአባላት ይነበብ።

አራተኛ፤ ከሚገባው ኪራይ ከአሥር ብር አንዱ ለጥገና ለብቻው ይቀመጥ። የቀረው፣ ከቀብር ሣጥኑ ያወጣነው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ ወደ ሣጥኑ ይግባ። እስከዚያ ለአባላት ማከፋፈል ይቁም።

አምስተኛ፤ የቅሬው ገንዘብና የኪራይ ቤቱ ገንዘብ ዳግመኛ እንዳይደባለቅ በደንባችን ይጻፍ።

አራተኛው ሐሳብ እንደሚከብድ እናውቃለን። በመስቀልም በዒድም ከኪራዩ የምትደርሰውን ገንዘብ የሚጠብቅ አለ። እኛም ከጠባቂዎቹ ነን። ነገር ግን ያቺ ገንዘብ ትርፍ አልነበረችም። የጣሪያውና የገመዱ ገንዘብ ነበረች፤ ሳናውቅ በላናት። ሁለቱ ሐዘንተኛ ቤተሰቦች የጎደለባቸውን እስክንከፍል ድረስ ተከፋፍለን ብንበላ አይጣፍጠንም።

ለዚያች ልብስ ሰፊም አንድ ነገር እንድታስቡላት እንለምናለን። ደንቡ አያስገድደንም፤ ውልም አልነበረንም። ግን ስለ ገመዱ ሁለት ጊዜ ነግራናለች፤ እኛም አልሰማናትም። በሰፈር ውስጥ ተዋጥቶ አንድ ያገለገለ የስፌት መኪና ቢገዛላት መልካም ነው ብለን እናምናለን። ማዋጣት የፈለገ ከስብሰባው በኋላ ይመዝገብ፤ የመጀመሪያውን መስመር እኛ የሥራ አመራር አባላት ጽፈንበታል።



የማኅበሩ ፀሐፊ
መካነ ሰላም